የራውተር መለያን ለሶፍትዌሩ ምርጫ ስላለመተው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ ከአንድ መስመር በላይ ቦታ አይወስድም፤ ብዙዎቻችንም ያንን መስመር ሳንጽፈው እናልፋለን። ጉዳዩ የራውተር መለያ፣ በተለምዶ ራውተር አይዲ የምንለው ቁጥር ነው። ሰርቨርን ራውተር የሚያደርጉትን ሶፍትዌሮች፣ በርድን፣ ኤፍአርአርን ወይም ኦፕን ቢጂፒዲን ጭኖ፣ ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸውን ፕሮቶኮሎች፣ ኦኤስፒኤፍን ወይም ቢጂፒን ያስነሳ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ተጠቅሞበታል፤ ራሱ ካልጻፈው ሶፍትዌሩ መርጦለታል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ይህ ምርጫ ለሶፍትዌሩ የሚተው አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚመርጠው በተነሳበት ደቂቃ በማሽኑ ላይ ካገኛቸው አድራሻዎች መካከል ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ማሽኑ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ የማይለወጥ፣ በኔትወርኩ ውስጥም ሌላ ማሽን የማይጋራው ቁጥር ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ እንለይ። የራውተር መለያ 32 ቢት ያለው ቁጥር ነው። ሲጻፍ በነጥብ ተከፋፍሎ 10.255.0.7 በሚል መልክ ስለሚጻፍ አይፒ አድራሻ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በእርግጥ ከራውተሩ አድራሻዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ፓኬት ወደ መለያው አይላክም፤ ፒንግ ቢደረግ መልስ መስጠትም አይጠበቅበትም። በ1998 የወጣው የኦኤስፒኤፍ ሁለተኛ ስሪት መግለጫ፣ አርኤፍሲ 2328፣ የሚጠይቀው ቁጥሩ በአንድ ራስ ገዝ ሥርዓት፣ ማለትም በአንድ አስተዳደር ሥር ባለ ኔትወርክ ውስጥ፣ ራውተሩን ከሌሎች ሁሉ ለይቶ እንዲያሳውቅ ብቻ ነው። ቢጂፒ ጠበቅ ያለ ነበር፤ በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4271 መለያው ለራውተሩ ከተሰጡት ትክክለኛ የአይፒ አድራሻዎች አንዱ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ይህ ትእዛዝ አይፒቪ4፣ ማለትም ባለ 32 ቢቱ የቆየ የአይፒ አድራሻ፣ በሌለባቸው ኔትወርኮች ትርጉም ስላልነበረው በ2011 አርኤፍሲ 6286 አላላው፤ ከዚያ ወዲህ መለያው ዜሮ ያልሆነና በራስ ገዝ ሥርዓቱ ውስጥ ያልተደገመ ማንኛውም የአራት ባይት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሌሎች ፕሮቶኮሎች የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ አይኤስአይኤስ ባለ 6 ባይት የሲስተም መለያ፣ ባቤል ደግሞ ባለ 8 ባይት መለያ ይጠቀማሉ። ዛሬ የማተኩረው ግን በኦኤስፒኤፍና በቢጂፒ ላይ ነው።

መለያው በስንት ቦታ እንደሚገባ ለማየት አንድ የኦኤስፒኤፍ ፓኬት ከፍቶ መመልከት ይበቃል። የፓኬቱ ራስጌ 24 ባይት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የፕሮቶኮሉ ስሪት፣ የመልእክቱ ዓይነትና ርዝመት ከሰፈሩ በኋላ ወዲያው የሚከተሉት አራት ባይቶች የላኪው ራውተር መለያ ናቸው። ራውተሩ በተለምዶ በየ10 ሰከንዱ በሚልከው የሄሎ መልእክት ውስጥ በዚያ መስመር ላይ የሰማቸውን ጎረቤቶች በመለያቸው ይዘረዝራል፤ የጎረቤቱ ሄሎ ሲደርሰው ደግሞ የራሱን መለያ በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘ ብቻ ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ይቀበላል። ዲአር የሚባለው የመስመሩ ተጠሪ ሲመረጥ፣ የቅድሚያ ዋጋቸው እኩል የሆነ ራውተሮች የሚበላለጡት በመለያቸው ነው። ስለ ኔትወርኩ የያዙትን ዳታቤዝ ሲለዋወጡም ልውውጡን የሚመራው ትልቁን መለያ የያዘው ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ራውተር ስለ ራሱ መስመሮች የሚያወጣው ማስታወቂያ፣ ማለትም ኤልኤስኤ፣ በሁሉም ራውተሮች ዳታቤዝ ውስጥ የሚመዘገበውና ተፈልጎ የሚገኘው በአውጪው መለያ ነው። ስለዚህ መለያው ራውተሩ በሚናገረው ነገር ሁሉ ላይ የሚያርፍ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል።

ቢጂፒ መለያውን የሚልከው ሴሽኑ፣ ማለትም በሁለት ራውተሮች መካከል ያለው ግንኙነት፣ ሲከፈት በኦፕን መልእክት ውስጥ ነው፤ ጥቅሙ ግን በዚያ አያበቃም። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው የቲሲፒ ግንኙነት ቢከፍቱ አንዱ መዘጋት ስላለበት፣ የሚተርፈው ትልቁን መለያ የያዘው ራውተር የጀመረው ግንኙነት ነው። ወደ አንድ መዳረሻ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች በሌላው መመዘኛ ሁሉ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ትንሹ መለያ ካለው ጎረቤት የመጣው መንገድ ይመረጣል። በውጭ ጎረቤቶች፣ ማለትም በሌላ ራስ ገዝ ሥርዓት ባሉ ራውተሮች፣ መካከል ሲሆን ግን ኤፍአርአርና ሲስኮ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው በቀር መለያ ከማወዳደራቸው በፊት ቀድሞ የመጣውን መንገድ ያስቀድማሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ በውስጥ ቢጂፒ፣ ማለትም በአንድ ራስ ገዝ ሥርዓት ራውተሮች መካከል በሚሠራው፣ የአንድ ራውተር መለያ ሲለወጥ ምንም ዓይነት ፖሊሲ ሳይነካ የትራፊኩ መውጫ በር ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ትራፊኩ ለምን ዞረ ተብሎ ፖሊሲው ሲመረመር ምንም ነገር የማይገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሶፍትዌሮቹ በራሳቸው እንዴት እንደሚመርጡ እንመልከት፤ ደንባቸው አንድ አይደለምና። በፕራግ በቻርልስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ የተጀመረውና አሁን በቼክ የዶሜይን ስም አስተዳዳሪ በሲዜድ ኒክ የሚዘጋጀው በርድ፣ ከሎፕባክ፣ ማለትም ኬብል ከማይሰካበት የማሽኑ ውስጣዊ ኢንተርፌስ፣ ውጭ ባሉ ኢንተርፌሶች (የኔትወርክ መገናኛዎች) ላይ ካገኛቸው የአይፒቪ4 አድራሻዎች ትንሹን ይወስዳል። ኤፍአርአር የጂኤንዩ ዜብራና የኳጋ ዝርያ ሲሆን ከኳጋ ተለይቶ በ2017 ይፋ ሆኗል፤ በእርሱ ዘንድ ምርጫውን የሚያደርገው እስከ ዛሬ ዜብራ ተብሎ የሚጠራው ክፍል ነው። ዜብራ በሎፕባክ ላይ በ127 ከሚጀምረው ሌላ አድራሻ ካገኘ ከእነዚያ ትልቁን፣ ካላገኘ ደግሞ ከሁሉም ኢንተርፌሶች ትልቁን አድራሻ ይመርጣል። የሲስኮ ራውተሮችም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ደንብ አላቸው። ከኦፕን ቢኤስዲ ፕሮጀክት የወጡት ሁለቱ ፕሮግራሞች እንኳ አይስማሙም፤ ኦፕን ቢጂፒዲ ትልቁን አድራሻ ሲወስድ ኦፕን ኦኤስፒኤፍዲ ትንሹን ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ያለ ምንም ትእዛዝ ያስነሳ ሰው፣ ማሽኑ በሁለት የተለያዩ መለያዎች ሲጠራ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም።

እነዚህ ደንቦች ሲወጡ ራውተር ማለት ጥቂት ኬብሎች የተሰኩበት ሣጥን ነበር። የዛሬው ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ኮንቴይነርና ቨርቹዋል ማሽን የሚያስተናግድ የሊኑክስ ሰርቨር ነው፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ሲጫን በማሽኑ ላይ የራሱን ብሪጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሮቹን የሚያገናኝ ምናባዊ ኢንተርፌስ፣ ይፈጥራል፤ ለብሪጁም በነባሪ የሚሰጠው አድራሻ 172.17.0.1 ነው። ይህ አድራሻ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ያው ነው። አድራሻቸው 192.168.40.11፣ 192.168.40.12 እያለ የሚቀጥል ሃያ ሰርቨሮች አሉን እንበል፤ በሁሉም ላይ ዶከርና በርድ ተጭነዋል፤ የራውተር መለያ ግን አልተጻፈም። በርድ ትንሹን ስለሚፈልግ ሃያዎቹም ራሳቸውን 172.17.0.1 ብለው ይጠራሉ። በርድን ትቶ ኤፍአርአርን መጫን መፍትሔ የሚመስለው ካለ፣ አድራሻቸው በ10 የሚጀምር ሰርቨሮችን ያስብ፤ ኤፍአርአር ትልቁን ስለሚፈልግና 172 ከ10 ስለሚበልጥ፣ ሎፕባኩ ላይ አድራሻ ካልተሰጠ ውጤቱ ተመልሶ 172.17.0.1 ይሆናል። ለቨርቹዋል ማሽኖች የሚያገለግለው ሊብቨርት ደግሞ 192.168.122.1 የሚል አድራሻ ያለው ብሪጅ ይፈጥራል፤ ይህም ከላይ ከጠቀስኳቸው ከ192.168.40.11 ዓይነት አድራሻዎች ስለሚበልጥ ለኤፍአርአር ሌላ ወጥመድ ነው።

ነገሩን ይበልጥ አስቸጋሪ የሚያደርገው ችግሩ ዶከር በተጫነበት ዕለት የማይታይ መሆኑ ነው። የኤፍአርአር የኦኤስፒኤፍ ክፍል አንድ ጊዜ መለያ ከያዘ በኋላ፣ ዜብራ ሌላ ቢጠቁመውም የያዘውን ይዞ ይቀጥላል፤ መለያ መቀየር ሥራን ክፉኛ ስለሚያውክ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ብሪጁ ዛሬ ቢፈጠርም ራውተሩ በድሮ መለያው ሲሠራ ይቆያል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለከርነል ማሻሻያ ወይም በመብራት መቋረጥ ምክንያት ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን በአዲስ መለያ ይነሳል። በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነው ባለሙያ የሚያስበው ስለ ከርነሉ እንጂ ከወራት በፊት ስለተጫነው ዶከር አይደለም።

ሁለት ራውተሮች አንድ መለያ ሲይዙ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ የሚሆነውን በዝርዝር ላሳይ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ፊት ለፊት የተገናኙ ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን መለያ ከሌላ ሰው አፍ ስለሚሰማ ጉርብትና አይመሠረትም፤ በሎግ ላይም ስለ ተደገመ መለያ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይወጣል። ክፉው በመካከላቸው ሌላ ራውተር ሲኖር ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ራውተሮች በአንድ ኤሪያ፣ ማለትም በአንድ የኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ክፍል፣ ውስጥ በተርታ ተያይዘዋል እንበል፤ ሀ እና ሐ ሁለቱም 10.255.0.7 ናቸው። መካከል ላይ ያለው ለ ከሁለቱም ጋር ያለ ችግር ይጎራበታል። ከዚያም ሀ ስለ ራሱ መስመሮች ኤልኤስኤ ያወጣል፤ ለ ይህን ወደ ሐ ያስተላልፋል። ሐ ሲመለከተው አውጪው 10.255.0.7፣ ማለትም ራሱ እንደሆነ ያነባል፤ ይዘቱ ግን እርሱ ያወጣው አይደለም፤ የቅደም ተከተል ቁጥሩም ከእርሱ ይበልጣል። አርኤፍሲ 2328 በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዝዘው ግልጽ ነው፤ ራውተሩ ማስታወቂያው ዳግም ከመነሣቱ በፊት ከነበረ ሥራው የተረፈ አሮጌ ቅጂ እንደሆነ ቆጥሮ፣ የቅደም ተከተል ቁጥሩን በአንድ አልፎ የራሱን አዲስ ኤልኤስኤ ያወጣል። ይህ አዲሱ ለን አልፎ ወደ ሀ ሲደርስ ሀም በበኩሉ ያንኑ ያደርጋል። በአንድ ማኅተም የሚሠሩ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ እንደሚውሉት ማለት ነው፤ ሁለቱም ደንቡን አክብረዋል፤ ሥራው ግን አይራመድም።

ፕሮቶኮሉ አንድን ኤልኤስኤ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ማውጣትን ስለሚከለክል ጦርነቱ ኔትወርኩን ወዲያው አያቃጥለውም። ይልቁንም መንገዶች ይመጣሉ፤ ይጠፋሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሀ ኋላ ያለው ኔትወርክ ለጥቂት ሰከንዶች ሲታይ ከሐ ኋላ ያለው ይሰወራል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። በእያንዳንዱ ለውጥም በኤሪያው ያሉ ራውተሮች ሁሉ የመንገድ ስሌታቸውን እንደገና ይሠራሉ። ተጠቃሚው የሚያቀርበው አቤቱታ «ይቆራረጣል» የሚል ስለሆነ፣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኬብሉን ወይም የማይክሮዌቭ ሊንኩን ይሆናል። ምልክቱ ግን በዳታቤዙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጤናማ ኤልኤስኤ በተለምዶ በየ30 ደቂቃው ስለሚታደስ ዕድሜው እስከ 1800 ሰከንድ ድረስ ያድጋል፤ በዚህ ጦርነት ውስጥ ያለው ግን ዳታቤዙን በተመለከትነው ቁጥር ዕድሜው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የቅደም ተከተል ቁጥሩ ደግሞ ያለ ማቋረጥ ይጨምራል። እነዚህን ሁለት ዓምዶች ማየት የለመደ ባለሙያ የጨረር መለኪያ ይዞ ወደ ጣሪያ ከመውጣት ይድናል።

ሁለቱ ራውተሮች በተለያዩ ኤሪያዎች ውስጥ ቢሆኑ ችግሩ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ራውተር ስለ ራሱ መስመሮች የሚያወጣው ኤልኤስኤ ከኤሪያው አይወጣምና። አንዱ ከቢጂፒ ወይም ከስታቲክ መንገዶች ወደ ኦኤስፒኤፍ ማስገባት ሲጀምር ግን፣ የውጭ መንገዶች ማስታወቂያ መላውን ራስ ገዝ ሥርዓት ስለሚያዳርስ፣ ተደብቆ የቆየው በአንድ ጊዜ ይወጣል።

የቢጂፒ ጉዳት ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ በእኔ ግምት የበለጠ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሁለት የውስጥ ቢጂፒ ራውተሮች በቀጥታ የሚገናኙ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት መለያ ሲገጥማቸው የኦፕን መልእክቱ በስሕተት ይመለሳል፤ ሴሽኑም አይነሣም፤ ስለዚህ ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ ግን ብዙ ኔትወርኮች የሚሠሩት በሩት ሪፍሌክተር ነው፤ ራውተሮቹ እርስ በርስ ሳይሆን ከሪፍሌክተሩ ጋር ብቻ ይገናኛሉ። ሪፍሌክተሩ የአንዱን መንገድ ለሌላው ሲያስተላልፍ፣ በአርኤፍሲ 4456 መሠረት የመጀመሪያውን አውጪ መለያ ይጽፍበታል፤ ይህም መንገዱ ዞሮ ወደ አውጪው ቢመለስ አውጪው እንዲጥለው ነው። ሀ እና ሐ አንድ መለያ ካላቸው፣ ከሀ የወጣ መንገድ ወደ ሐ ሲደርስ ሐ የራሱን መለያ አይቶ «ይህ የእኔው ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሴሽኖቹ ሁሉ ተነሥተው በሥራ ላይ ናቸው፤ ሪፍሌክተሩ ሁለቱንም መንገዶች ያውቃል፤ ሌሎች ራውተሮች ሁሉ ወደ ሁለቱም ይደርሳሉ፤ ሀ እና ሐ ብቻ እርስ በርስ አይተያዩም። ምንም ዓይነት ማንቂያ አይጮኽም፤ ሞኒተሪንጉ አረንጓዴ ነው። የሚታየው ከሐ ወገን ዲበግ ሲከፈት ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እንዴት እንምረጥ? አይፒቪ4 ባለበት ኔትወርክ የእኔ ምክር የቆየውን ልማድ መከተል ነው፤ ለእያንዳንዱ ራውተር ከአንድ ከተለየ ክልል፣ ለምሳሌ ከ10.255.0.0፣ አንድ ነጠላ አድራሻ ይሰጠዋል፤ አድራሻው በሎፕባክ ላይ ይቀመጣል፤ ያው ቁጥር የራውተር መለያም ይሆናል። ሎፕባክ ከኬብል ጋር ስለማይወድቅ የውስጥ ቢጂፒ ሴሽኖች ከእርሱ ይነሣሉ፤ በዳታቤዝ ውስጥ የታየው መለያም ፒንግ የሚደረግ አድራሻ ስለሚሆን በችግር ሰዓት ሥራ ያቀልላል። አንዳንዶች መለያው አድራሻ መሆን ስለሌለበት 0.0.0.7 የሚል ዓይነት አጭር ቁጥር ይመርጣሉ፤ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሎፕባክ እያለ ሁለት መዝገብ መያዝ ጥቅሙ አይታየኝም።

አይፒቪ6 ብቻ ባለበት ኔትወርክ ግን ምርጫ የለም። የኦኤስፒኤፍ ሦስተኛ ስሪት፣ በ2008 በአርኤፍሲ 5340 የተገለጸው፣ በአይፒቪ6 ላይ ቢሠራም መለያው ያው 32 ቢት ነው፤ የሚወሰድ የአይፒቪ4 አድራሻ ከሌለ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚመርጠው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እኛው መስጠት አለብን። እዚህ ላይ ጣቢያውን፣ የራውተሩን ተራ ቁጥርና የመሳሰለውን በአራቱ ክፍሎች ውስጥ ማስቀመጥ ያምራል። ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች (ኖዶች) ላይ በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስ ውስጥ የኔትወርኩን ሥራ የሚሠራው ካሊኮ አይፒቪ4 በሌላቸው ኖዶች ላይ ከኖዱ ስም በሃሽ (ከጽሑፍ ቁጥር በሚያወጣ ስሌት) የሚሰላ መለያ እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ ምቹ ነው፤ ሆኖም ሃሽ መደገምን የማይቻል አያደርገውም። በ32 ቢት ውስጥ 1,000 ኖዶች ካሉ ቢያንስ ሁለቱ የመግጠም ዕድላቸው በግምት ከ8,600 አንድ ነው፤ 10,000 ሲሆኑ ከመቶ አንድ ይበልጣል። ለአንድ ክላስተር ይህ ምንም አይደለም፤ ለትልቅ ድርጅት ግን መዝገብ ይሻላል።

አጻጻፉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በበርድ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ራውተር አይዲ» ተብሎ ቁጥሩ ይከተላል፤ ካስፈለገም በእያንዳንዱ ፕሮቶኮል ሥር ሌላ መስጠት ይቻላል። ቁጥሩን በቀጥታ መጻፍ ያልፈለገ፣ ከተወሰነ ኢንተርፌስ ብቻ እንዲወስድ በ«ራውተር አይዲ ፍሮም» ያዝዘዋል፤ ይህም ከነባሪው በእጅጉ ይሻላል። በኤፍአርአር «ራውተር ኦኤስፒኤፍ» በሚለው ሥር «ኦኤስፒኤፍ ራውተር-አይዲ»፣ «ራውተር ቢጂፒ 65010» በሚለው ሥር ደግሞ «ቢጂፒ ራውተር-አይዲ» ይጻፋል። ለሁሉም በአንድ ቦታ በ«አይፒ ራውተር-አይዲ» መስጠትም ይቻላል፤ እኔ ግን ፋይሉን የሚያነብ ሰው ገጽ እንዳይገልጥ በየፕሮቶኮሉ ሥር ተደግሞ ቢጻፍ እመርጣለሁ። የተመረጠውን ለማየት በኤፍአርአር «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ»፣ በበርድ «ሾው ስታተስ» ይበቃሉ።

በእጅ መጻፍ የራሱ አደጋ እንዳለውም መካድ አይገባም። ቨርቹዋል ማሽን ሲባዛ የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ከነመለያው ይባዛል፤ ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው ፋይል ቀድቶ አድራሻዎቹን የለወጠ ሰው መለያውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ መለያው በዋናው መዝገብ ውስጥ እንደ ማሽኑ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ፣ ፋይሉ በአንሲብል ወይም በመሰል መሣሪያ ከመዝገቡ ቢወጣና ከመጫኑ በፊት ቁጥሩ አለመደገሙ በፕሮግራም ቢጣራ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ችግሮች አብዛኞቹ አይደርሱም።

በመጨረሻ፣ በሥራ ላይ ባለ ኔትወርክ መለያ መቀየር ግድ ሲሆን ምን እንደሚጠብቀን ላንሳ። በኦኤስፒኤፍ አዲሱ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ስለተጻፈ ብቻ ሥራ ላይ አይውልም፤ ኤፍአርአርም ሆነ ሲስኮ ጎረቤት ካላቸው ሂደቱ ዳግም እንዲነሣ ይጠይቃሉ፤ ያኔም ጉርብትናው ሁሉ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ሂደቱ በወጉ ሳይዘጋ ከተገደለ፣ በአሮጌው መለያ የወጣው ኤልኤስኤ በሌሎች ዳታቤዝ ውስጥ እስከ 3600 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፤ ጎረቤቶቹ ወደ አሮጌው መለያ የሚወስድ መስመር ስለማያስታውቁ በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ማስደንገጥ የለበትም። በቢጂፒ ሴሽኖቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ ይህም ማለት በሪፍሌክተር ላይ የሚደረግ ለውጥ የደንበኞቹን፣ ማለትም ከእርሱ ጋር የሚገናኙትን ራውተሮች፣ ሁሉ ሴሽን ይነካል ማለት ነው። ሪፍሌክተሩ የክላስተር መለያ፣ ማለትም እርሱና ደንበኞቹ የሚታወቁበት የቡድን ቁጥር፣ ካልተሰጠው የራሱን ራውተር መለያ ስለሚጠቀም፣ ያም አብሮ ይለወጣል፤ ከለውጡ በፊት የክላስተር መለያውን ለብቻው መጻፍ ይህን ያስቀራል። ቨርቹዋል ሊንክ፣ ማለትም ራቅ ያለን ኤሪያ በሌላ ኤሪያ በኩል ከዋናው ጋር የሚያያይዝ መስመር፣ ካለ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ የሚጠራው ራውተሩን በመለያው ስለሆነ፣ በዚያኛው ራውተር ላይ ያለው መስመርም በዚያው ሰዓት ካልተለወጠ ሊንኩ አይነሣም፤ ከዋናው ኤሪያ ጋር በዚህ ሊንክ ብቻ የተያያዘው ኤሪያም እስኪለወጥ ድረስ ተቋርጦ ይቆያል።